ቫስኮ ዳ ጋማ በ1923 ምን አጠፋ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የብራዚሉ የእግር ኳስ ክለብ ቫስኮ ዳ ጋማ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ተጫዋቾችን አሰልፎ በ1923 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ሻምፒዮን ሆነ፣ በዚህም ምክንያት ከሊጉ ተባረረ ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ክለቡ ያኔ ጻፈው የተባለውን ደብዳቤ ሳነብ ግን ስለ ጥቁር አንዲት ቃል የለችበትም። ታሪኩ እውነት ነው ወይስ በኋላ የተቀባባ?»

ደብዳቤውን ፈልገው ማንበብዎ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ታሪኩን ይወደዋል፣ ወረቀቱን ግን አያየውም። መልሴን ባጭሩ ልበል። ቫስኮ ሻምፒዮን መሆኑ እውነት ነው። «ጥቁር ያሰለፈ የመጀመሪያው ክለብ» የሚለው ልክ አይደለም። «ተባረረ» የሚለውም አይገልጸውም፤ በማይቀበለው ቅድመ ሁኔታ ገፉት፣ እሱም ጥሎ ወጣ። ደብዳቤው ላይ «ጥቁር» የሚል ቃል የለም ያሉት ትክክል ነው። ለምን እንደሌለ ነው ረዘም አድርጌ የምነግርዎ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የመጀመሪያው» ከሚለው እንነሳ። ባንጉ ከሪዮ መሀል ከተማ ርቆ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰፈር ነው። ክለቡ በ1904 ሲቋቋም ከፊት የነበሩት በፋብሪካው የሚሠሩ እንግሊዞች ናቸው። ብቻቸውን አሥራ አንድ መሙላት ስላቃታቸው የፋብሪካውን ሠራተኛ አስገቡ። በ1905 ፍራንሲስኮ ካሬጋል የሚባል ጥቁር ተጫዋች ለባንጉ ተሰልፏል። ቫስኮ ያኔ ኳስ የሚባል ነገር አልጀመረም።

በ1907 የሪዮ ሊግ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። «ቀለም ያላቸው ሰዎች» በአማተርነት፣ ማለትም ያለ ደመወዝ በሚጫወት ተጫዋችነት፣ አይመዘገቡም ይላል። በግልጽ፣ በጋዜጣ። ባንጉ ሊጉን ትቶ ወጣ። ይህቺን ዓመት ይያዙልኝ። በ1907 እንዲህ ብሎ መጻፍ አያሳፍርም ነበር።

ከዚያ በኋላም ቀለም የቀየጠ ተጫዋች በየክለቡ ብቅ ይል ነበር፣ ግን እየተሸማቀቀ። በ1914 ካርሎስ አልቤርቶ የሚባል ክልስ ከአሜሪካ ክለብ ወደ ፍሉሚኔንሴ ሄደ (አሜሪካ እዚህ ላይ የሪዮ ቡድን ስም ነው)። ከቀድሞ ክለቡ ጋር ሲጋጠሙ ፊቱ ላይ የቀባው የሩዝ ዱቄት ከላቡ ጋር መውረድ ጀመረ። የአሜሪካ ደጋፊዎች «የሩዝ ዱቄት! የሩዝ ዱቄት!» ብለው ለቀቁበት። ከተላጨ በኋላ የመቀባት ልማድ ስለነበረው ነው፣ ቀለሙን ለመደበቅ አይደለም የሚሉም አሉ። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከክለቡ ጋር ቀርቷል። አሁን የፍሉሚኔንሴ ደጋፊ ራሱ በኩራት ነጭ ዱቄት ይበትናል።

ከዚያ 1919 መጣ። የደቡብ አሜሪካ ዋንጫ በሪዮ፣ በፍሉሚኔንሴ የላራንጄይራስ ሜዳ ላይ። ብራዚልና ኡሩጓይ ለዋንጫው ተገናኙ። መደበኛው ሰዓት ያለ ጎል አለቀ። ጭማሪው አለቀ። ሌላ ጭማሪ ተሰጠ። ያኔ ነው አርቱር ፍሪደንራይሽ ያገባው፣ 1 ለ 0። ብራዚል የመጀመሪያዋን የደቡብ አሜሪካ ዋንጫ አነሳች። የፍሪደንራይሽ አባት የጀርመን ዘር ያለው ነጋዴ ሲሆን እናቱ ጥቁር ብራዚላዊት ናት። ከዚያ ቀን በኋላ «ቀለም ያለው ሰው አይመዘገብም» ብሎ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ከባድ ነው። ፍላጎቱ ግን አልጠፋም። ሌላ ቃል ያስፈልገው ነበር።

አሁን ወደ ቫስኮ። ክለቡ በ1898 ሲመሠረት የቀዘፋ ክለብ ነበር፤ የዚያ ዘመን የሪዮ ዋና ስፖርት ጀልባ ነው። መሥራቾቹ አብዛኞቹ ፖርቱጋላውያን ስደተኞች ናቸው። ሪዮ ውስጥ ፖርቱጋላዊ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ባለሱቅ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሽንኩርት የሚመዝን፣ የእንጨት ጫማ የሚያንቋቋ። ቀልዱ ሁሉ በእሱ ላይ ነበር። ብሩ ግን እሱ ጋ ነው። ክለቡ በ1904 ካንዲዶ ዦዜ ዴ አራውዦ የተባለ ክልስ ሰው ፕሬዚዳንት አድርጎ መርጧል። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው።

ኳስ የገባው በ1915 ነው። በ1916 ሦስተኛው ዲቪዚዮን ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን 10 ለ 1 ተሸነፈ። አስር! ማን ይሰጋዋል? ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1922፣ ከታችኛው ምድብ አንደኛ ወጥቶ ወደ ትልልቆቹ አለፈ።

የ1923ን አሥራ አንድ የቫስኮ ደጋፊ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ኔልሰን፤ ሌይታው፣ ሚንጎቴ፤ ኒኮሊኖ፣ ቦላው፣ አርቱር፤ ፓስኮአል፣ ቶርቴሮሊ፣ አርሊንዶ፣ ሴሲ፣ ኔግሪቶ። ማሊያቸው ጥቁር ስለነበር «ጥቁር ማሊያዎቹ» ተባሉ። ቅጽሉ የጨርቁን እንጂ የቆዳውን ቀለም አይናገርም፤ ቡድኑ ውስጥ ድሃ ነጮችም ነበሩበት። ሥራቸውን ይመልከቱ። በረኛው ኔልሰን ዳ ኮንሴይሳው የታክሲ ሹፌር ነው። ኒኮሊኖ የወደብ ጫኝና አውራጅ። ቦላው የጭነት መኪና ሹፌር። ሴሲ ቤት ቀለም ቀቢ። በሌላው ወገን፣ ፍሉሚኔንሴና ቦታፎጎ ውስጥ፣ የሕግ ተማሪ፣ ሐኪም፣ የባለጸጋ ልጅ ያገኛሉ።

አሰልጣኙ ራሞን ፕላቴሮ ኡሩጓያዊ ነው። በ1917 አገሩን የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው። የሪዮ አማተር ያኔ ልምምድ የሚሠራው ጊዜ ሲተርፈው ነበር። ፕላቴሮ ግን ልጆቹን አንድ ቦታ አሳደራቸው። ጠዋት ከሞራይስ ኢ ሲልቫ መንገድ፣ ከክለቡ ሜዳ፣ ተነስተው እስከ ቪላ ኢዛቤል አደባባይ ይሮጣሉ፣ ይመለሳሉ። ውጤቱ ሜዳ ላይ ታየ። የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ተቃራኒው ቡድን እኩል ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይመራል። ከእረፍት በኋላ የዶክተሮቹ እግር ይከብዳል። ጫኝና አውራጁ ገና መሞቁ ነው።

ታዲያ የታክሲ ሹፌር በሥራ ቀን እንዴት ሊለማመድ ቻለ? ነገሩ ወዲህ ነው። ሊጉ አማተር ነው፤ ለኳስ ደመወዝ መክፈል ክልክል ነው። ባለሱቆቹ ፖርቱጋሎች ተጫዋቾቹን በየሱቃቸው ተቀጣሪ አድርገው መዘገቡ። በወረቀት ላይ የሱቅ ሠራተኛ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ሽንኩርት ሲመዝኑ አልዋሉም። ቫስኮ በዚህ ንጹሕ አልነበረም፤ የክለቡ ወዳጆች ሲጽፉ ይህን ዘለል ያደርጉታል። እኔ አልዘለውም፣ ምክንያቱም የከሳሾቹ ዋና ነጥብ እሱ ነው።

ካሸነፉ ደግሞ ማበረታቻ አለ። ይህቺን ክፍል በጣም ስለምወዳት ትንሽ ልቆይባት። «ይህን ያህል ገንዘብ ተሰጠው» ማለት ስለማይቻል ቋንቋውን ከቁጥር ቁማር ተዋሱት። ሪዮ ውስጥ ባሮን ድሩሞንድ የሚባል ሰው በ1892 ለአራዊት መጠበቂያው ማስታወቂያ ብሎ ያመጣው ሎተሪ አለ። 25 እንስሳት፣ እያንዳንዱ አራት አራት ቁጥር ይዞ እስከ መቶ። ውሻ አምስተኛው እንስሳ ነው፤ ስለዚህ «ውሻ አገኘ» ማለት 5 ሚልሬይስ (የያኔው የብራዚል ገንዘብ) ተሰጠው ማለት ነው። ጥንቸል 10። ተርኪ 20። ሃምሳ ቁጥር አውራ ዶሮው ዘንድ ስለሚወድቅ አውራ ዶሮ 50 ሆነ። መቶ ላም ጋ ነው፤ ላም 100። ትንሽ ቡድን ላሸነፈ ውሻ፣ ትልቁን ለጣለ ላም። ብራዚል ውስጥ እስከ ዛሬ የማሸነፊያ ጉርሻ «ቢሾ»፣ ማለትም «እንስሳ» ይባላል። መዋጮ ለመሰብሰብም «ትንሽ ላም እናድርግ» ይላሉ። ደግሞ የፕላቴሮ ልጆች ሮጠው የሚደርሱበት የቪላ ኢዛቤል አደባባይ ዛሬ የዚያው የባሮን ድሩሞንድ ስም አለው። ልጆቹ በየጠዋቱ ወደ ላሚቱ ሲሮጡ ኖረዋል ማለት ነው።

ውድድሩ ስምንት ክለብ ነበረው፤ ደርሶ መልስ 14 ጨዋታ። ቫስኮ 11 አሸነፈ፣ 2 አቻ ወጣ፣ 1 ተሸነፈ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፍላሜንጎን 3 ለ 1 አሸነፈ። ዛሬ «የሚሊዮኖች ደርቢ» የሚባለው ግጥሚያ የተጀመረው በዚያ ቀን ነው። ሁሉም «አዲስ ገቢ ነው፣ ይተነፍሳል» ብሎ ጠበቀ። አልተነፈሰም።

ሐምሌ 8 ላይ ፍላሜንጎ እንደገና ገጠመው፣ በላራንጄይራስ። ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የፍላሜንጎ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ገብተው፣ ቫስኮ ጎል ባገባ ቁጥር የሚጮኸውን ደጋፊ በሱ ቀጠቀጡት ይባላል። የዘመኑ ወግ አድናቂ ስለነበረው ትንሽ ጨው ሳይጨመርበት አልቀረም። ውጤቱ 3 ለ 2፣ ለፍላሜንጎ። ቫስኮ አቻ የሚያደርገውን ጎል ዳኛው ሻረብኝ ብሎ እስከ ዛሬ ያለቅሳል። ማታውን ከተማው ካርኒቫል ሆነ። የቫስኮ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ትልቅ የእንጨት ጫማ ተሰቀለ። ባለሱቁ ይወቀው ነው ነገሩ።

ይህቺን ጭፈራ አስቡልኝ። አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ብቻ ነው። ዋንጫው ገና ቫስኮ እጅ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ የፍላሜንጎ ሰው ብቻ ሳይሆን የሌላውም ክለብ ደጋፊ አብሮ ጨፈረ። ያ ደስታ ምን ያህል ተፈርተው እንደነበር ይናገራል። ነሐሴ 12 ቫስኮ ሳኦ ክሪስቶቫውን 3 ለ 2 አሸንፎ ሻምፒዮንነቱን ጨረሰው። በላይኛው ምድብ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞንቴቪዴዮ ላይ በተደረገው የደቡብ አሜሪካ ውድድር የብራዚልን በር የጠበቀው የታክሲ ሹፌሩ ኔልሰን ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው እየደረስን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1924 ፍላሜንጎ፣ ፍሉሚኔንሴ፣ ቦታፎጎ፣ አሜሪካና ባንጉ ከነባሩ ሊግ ወጥተው «አሜያ» በሚል ምህጻር የሚታወቅ አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። አዎ፣ ባንጉም አለበት። ያው በ1907 ለተጫዋቾቹ ብሎ ሊግ ጥሎ የወጣው ባንጉ። «ጥቁር ሁሉ ተከለከለ» የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ይሰነጠቃል። ባንጉ ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ ነው የገባው። የፋብሪካ ቡድን ስለነበር ሥራቸው በመዝገብ የታወቀ ነው። ደግሞም ዋንጫ አልወሰደም።

የአዲሱ ማኅበር ደንብ ስለ ቀለም ምንም አይልም። የሚለው ሌላ ነው። ተጫዋቹ የሚተዳደርበት ሥራ ይመርመር። በጉልበት ሥራ የሚያድር ወይም ጉርሻ የሚቀበል አይግባ። ማንበብና መጻፍ ይቻል። ክለቡ ብቁ ሜዳ ይኑረው። በድምፅ አሰጣጥም መሥራቾቹ ከሌላው ይበልጣሉ።

ባርነት በብራዚል የቀረው በ1888 ነው። በ1923 ገና 35 ዓመቱ። ሪዮ ውስጥ ጫኝና አውራጁ ማነው? ትምህርት ቤት ያልገባው ማነው? የ1907ቱ ማስታወቂያ በአንድ ቃል ያለውን የ1924ቱ ደንብ በሦስት አራት አንቀጽ አለው። ቃሉ ከወረቀቱ ወጣ እንጂ ሰዎቹ ያው ናቸው። እርግጥ ድሃ ነጮችም አብረው ተመቱ። ቀለምና ድህነት እዚያ ከተማ ውስጥ ተቆላልፈው ስለነበር አንዱን ስበህ ሌላውን ትተህ አትወጣም።

የጽሕፈቱን ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም በ1923ም ነበር። ከጨዋታ በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች በዳኛው ፊት ቅጹ ላይ ይፈርማል። ለአንድ የሕግ ተማሪ ምንም አይደለም። በሕይወቱ እርሳስ ላልያዘ ሰው ግን ከጨዋታው ይልቅ የሚያስጨንቀው ያ ጠረጴዛ ነው። ቫስኮ ልጆቹን ፊደል አስቆጠራቸው። ክንፉ ላይ የሚሮጠው ፓስኮአል የአባቱ ስም ቺኔሊ ነበር፣ የጣሊያን ስም። አጻጻፉ አስቸገረው። ምን ይደረግ? ስሙ ተቀየረና ፓስኮአል ሲልቫ ሆነ። ሲልቫ በብራዚል እንደ ጨው የበዛ፣ ለመጻፍም ቀላል ስም ነው። ሰውየው ለአንድ ፊርማ ሲል የዘር ስሙን ተወ።

አሜያ ቫስኮን «ግባ፣ ግን 12 ተጫዋቾችህን አስወጣ» አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 1924 የክለቡ ፕሬዚዳንት ዦዜ አውጉስቶ ፕሬስቴስ ቁጥር 261 የሆነውን ደብዳቤ ጻፈ። ተቀባዩ የአሜያ ፕሬዚዳንት አርናልዶ ጊንሌ ነው። የፍሉሚኔንሴ ሰው፣ ቤተሰቡ የሳንቶስ ወደብን የያዘ። የወደብ ባለቤት ልጅ ጫኝና አውራጅ ኳስ ይጫወት አይጫወት ብሎ ሲፈርድ ማለት ነው።

እርስዎ እንዳነበቡት ደብዳቤው ጨዋ ነው፣ ይፋዊ ነው፣ አይጮህም። መጀመሪያ ቫስኮን ዝቅ ያደረጉትን ነጥቦች ይቆጥራል። ሜዳችን ጎዶሎ ነው ተብለናል፣ ጽሕፈት ቤታችን ተራ ነው ተብለናል፣ አባሎቻችን ብዙዎቹ ዝቅ ያለ ኑሮ ያላቸው ናቸው ተብለናል ይላል። ከዚያ ወደ 12ቱ ይመጣል። ወጣቶች ናቸው፣ ማለት ይቻላል ሁሉም ብራዚላውያን ናቸው፣ ገና ጀማሪዎች ናቸው። ስማቸውን የሚያጎድፍ ነገር በተቀበላቸው ቤት እጅ አይፈጸምም። ስለዚህ አሜያን ለቀናል፣ አለ።

«ብራዚላውያን» የምትለውን ቃል ልብ ብለዋታል? ስደተኛ የሞላበት፣ ፖርቱጋል እየተባለ የሚሰደብ ክለብ ነው ይህን የሚጽፈው። እናንተ የምታባርሩት የገዛ አገራችሁን ልጅ ነው እያለ ነው። ስለ ቀለም ያላነሳው የመጣበት ክስ ስለ ቀለም ስላላነሳ ይመስለኛል። ለተጻፈልህ ነው መልስ የምትጽፈው። በ1924 ሪዮ ውስጥ ግን ያንን ወረቀት ያነበበ ሰው ስለ ማን እንደሚወራ አልጠፋውም።

ቫስኮ በነባሩ ሊግ ቀርቶ በ1924 ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። በአሜያ በኩል ፍሉሚኔንሴ ዋንጫ ወሰደ። በሪዮ መዝገብ ላይ 1924 ሁለት ሻምፒዮን ያለው ለዚህ ነው። በ1925 ቫስኮ ተጫዋቾቹን እንደያዘ ወደ አሜያ ገባ። ልባቸው ራርቶ ነው የሚል ካለ እኔ አላምንም። ቫስኮ ሜዳ ይሞላል፤ ያለ እሱ ትኬት አይሸጥም። የሥራውና የአማተርነቱ ንትርክ ግን በ1933 ፕሮፌሽናል ኳስ እስኪፈቀድ ድረስ አልቆመም።

«ሜዳህ አይረባም» የምትለዋ ግን ቫስኮን ውስጡ ገብታ ነበር። አባላቱ ገንዘብ አዋጡ፤ ባለሱቁም ሹፌሩም ያለውን ጣለ። ሳኦ ዣኑዋሪዮ ስታዲየም ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ተሠርቶ ሚያዝያ 21 ቀን 1927 ተመረቀ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዋሺንግተን ሉዊስ ተገኝተዋል። ያኔ በብራዚል ከሱ የሚበልጥ ስታዲየም አልነበረም። ለምርቃቱ ሳንቶስ ተጋብዞ መጣ፣ 5 ለ 3 አሸንፏቸውም ሄደ።